በድንኳን ሥር ሙሉ ደም መሰብሰብ፦ በመሀል አዲስ አበባ ለሚሠሩ ተንቀሳቃሽ ቡድኖች የአሠራር መመሪያ

ይህ መመሪያ የተጻፈው ደም መውሰድን አስቀድመው ለሠለጠኑ ነርሶችና የላቦራቶሪ ባለሙያዎች፣ እንዲሁም አብረዋቸው ለሚወጡ መዝጋቢዎች፣ አስተባባሪዎችና ሾፌሮች ነው። የመርፌ አወጋግ ከወረቀት አይለመድም፤ ስለዚህ ሰፋ አድርጌ የምጽፈው መርፌው ከመግባቱ በፊትና ከወጣ በኋላ ስላለው ሥራ ነው። በደም ባንክ ማዕከል ውስጥ ስንሠራ ግድግዳው፣ የማያቋርጠው መብራትና አጠገባችን ያለው ማቀዝቀዣ ሳናውቀው ብዙ ስሕተት ይከለክሉልናል። ሜዳ ላይ እነዚህ ሁሉ የሉም። በድንኳን ሥር ከተወሰደ ደም ውስጥ በመርፌ ጥፋት የሚጣለው ጥቂት ነው፤ አብዛኛው የሚበላሸው ቅደም ተከተል ሲፋለስና ሰዓት በትክክል ሳይጻፍ ሲቀር ነው።

በኢትዮጵያ የደም ባንክ ሥራ በቀይ መስቀል ማኅበር ሥር በ1969 እ.ኤ.አ. ተጀምሮ በ2012 እ.ኤ.አ. ወደ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ተዛውሯል። ቀድሞ የሕመምተኛው ዘመድ ተሯሩጦ ምትክ የሚሰጥበት አሠራር ሰፊ ነበር፤ ዛሬ የአገልግሎቱ መሠረት ያለ ክፍያ በፈቃዱ የሚለግሰው ሰው ነው። ይህ ሰው ደግሞ ማዕከሉ ድረስ እስኪመጣ መጠበቅ ስለማይቻል ድንኳኑ ወደ እርሱ ይሄዳል።

ቦታና ቀን

በመሀል ከተማ ሰው የበዛበት ቦታ ሁሉ ለልገሳ አይመችም። መስቀል አደባባይ ሰፊ ነው፣ ቀላል ባቡሩም ሰው ያመጣለታል፤ ነገር ግን ጥላ የለውም፣ ነፋሱ የተንጠለጠለ ሚዛን ያወዛውዛል፣ የድምፅ ማጉያ በተከፈተበት ቀን ደግሞ የምስጢር ጥያቄ መጠየቅ አይቻልም። በሜክሲኮና በፒያሳ እግረኛ አይጠፋም፤ ሆኖም አላፊው ቸኩሏል፣ የቸኮለ ለጋሽም ሳያርፍ ተነሥቶ ታክሲ ሰልፍ ላይ ይወድቃል። እኔ ምርጫ ከተሰጠኝ በር ያለውን ግቢ እመርጣለሁ፦ የአራት ኪሎ ዓይነት የዩኒቨርሲቲ ግቢ፣ ወይም በለገሃርና በስታዲየም ዙሪያ ካሉት ትልልቅ መሥሪያ ቤቶች የአንዱን። በእንዲህ ያለ ቦታ የሚመጣው ሰው ከአደባባዩ ያንሳል፤ የሚመጣው ግን ተረጋግቶ ይቀመጣል፣ ከሦስት ወር በኋላም እዚያው ይገኛል።

ቦታውን አስቀድመው ሲያዩ ሥራው በሚካሄድበት ሰዓት ይሂዱ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጥላ የነበረው ጥግ በ6 ሰዓት ፀሐይ ሊሆን ይችላል፤ ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ቀዝቃዛ ቢመስልም ፀሐዩ ይከብዳል፣ የተዘጋ ድንኳንም ቶሎ ይግላል። ደልዳላ መሬት፣ የእጅ መታጠቢያ ውሃ፣ ንጹሕ መጸዳጃ፣ መኪና እስከ ድንኳኑ የሚደርስበት መግቢያና የማይቋረጥ መብራት መኖራቸውን ያረጋግጡ። መብራት አይጠፋም ያለዎትን ሰው አመስግነው ጄኔሬተር ይዘው ይምጡ። ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ድንኳኑ ከመሬት ከፍ ባለ ቦታ ይተከል፤ ወለሉ ላይ ጣውላ ይነጠፍ፤ ከሰዓት በኋላ ዝናብ ስለሚበዛ ሥራው በጠዋት ይጀመር።

የቀን ምርጫ ከቦታ ምርጫ አያንስም። በደመራ ዕለትና በአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ ሰሞን መንገድ ስለሚዘጋ ደሙን በሰዓቱ ወደ ማዕከል ማድረስ ያስቸግራል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን የጾም ጉዳይ ነው። በዐቢይ ጾም የሥራ ቀናት፣ ረቡዕና ዓርብም ጭምር፣ ጠንቅቆ የሚጾም ሰው እስከ 9 ሰዓት እህልም ውሃም አይቀምስም፤ በረመዳንም እንዲሁ እስከ ማፍጠሪያ ድረስ አይበላም። እንዲህ ያለ ሰው መልካም ለማድረግ ሲል ሳይበላ ይመጣል፣ አንዳንዱም ልገሳውን የጾሙ አካል አድርጎ ያየዋል። ባዶ ሆድና የጎደለ ውሃ ግን ራስን ለመሳት ዋና ምክንያቶች ናቸው። በጾም ወቅት ቅዳሜና እሑድን፣ ወይም ከ9 ሰዓት በኋላ ያለውን ጊዜ ይምረጡ፤ በረመዳን ምሽት የሚሠሩ ከሆነ በቂ መብራት ያዘጋጁ። ለጋሹንም «በልተዋል?» ብለው አይጠይቁ፤ በእኛ አገር ለዚህ ጥያቄ የይሉኝታ መልሱ «አዎ» ነው። «ዛሬ ምን በሉ? ስንት ሰዓት ላይ?» ብለው ይጠይቁ። አንድ ብርጭቆ ሻይ ቁርስ አይደለም።

ሌላም ነገር አለ። የደም ዓይነቶችን ያገኘው ካርል ላንድስታይነር የተወለደበት ሰኔ 7 የዓለም የደም ለጋሾች ቀን ስለሆነ በዚያ ሰሞን ሁሉም መሥሪያ ቤት ድንኳን ይጠይቃል። ሲፒዲኤ-1 በተባለው ፀረ መርጊያ የተያዘ ደም በ2 እና በ6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መካከል ተቀምጦ የሚቆየው 35 ቀን ብቻ ነው፤ የሰኔ 7 ደም ነሐሴን አያይም። ተማሪዎች ወደየቤታቸው የሚበተኑትም በክረምት ነው። የሚጋብዝዎ ተቋም ሰኔ 7ን የሙጥኝ ካለ ግማሹን ሠራተኛ በሰኔ፣ ግማሹን በነሐሴ እንዲያደርግ ይጠይቁት።

የድንኳኑ አደረጃጀት

ሰው በአንድ በር ገብቶ በሌላው ይውጣ። ቅደም ተከተሉ ምዝገባ፣ ጥያቄና ምርመራ፣ አልጋ፣ ማረፊያ ነው፤ ማንም ወደ ኋላ ተመልሶ ወረቀት የሚያነሣበት ሁኔታ አይኑር። የጥያቄው ጠረጴዛ ከሰልፉ ቢያንስ ሦስት ሜትር ይራቅ፣ ለጋሹም ጀርባውን ለሰልፉ ሰጥቶ ይቀመጥ። የድንኳን መጋረጃ ዓይን እንጂ ጆሮ አይከልልም። ጎረቤቱ እየሰማው ስለ ግብረ ሥጋ ግንኙነቱ የተጠየቀ ሰው እውነቱን አይናገርም፤ የደሙ ደኅንነት ደግሞ መጀመሪያ የሚጠበቀው በዚህ ንግግር ነው።

አልጋዎቹ ደም የሚወስደው ባለሙያ ሳይዞር የለጋሾቹን ፊት ማየት በሚችልበት አኳኋን ይደርደሩ፤ ለአንድ ባለሙያ ከሁለት አልጋ በላይ አይሰጥ። አንድ ለጋሽ ከመተኛት እስከ መነሣት ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ይወስዳል ብለን ብናሰላ አራት አልጋ በሰዓት አሥር ሰው ገደማ ያስተናግዳል፤ ከዚህ በላይ ቃል አይግቡ። የማረፊያው ወንበር መደገፊያ ያለው ይሁን። ዱካ ለቡና ሥርዓት ያምራል፣ ለለጋሽ ግን አይሆንም፤ ብዙ ሰው የሚያጥወለውለው አልጋ ላይ ሳይሆን ከተነሣ በኋላ ስለሆነ ከዱካ ላይ ወደ ኋላ ይወድቃል።

ሥራ ከመጀመሩ በፊት ሚዛኑ ይፈተሽ። ባለ አንድ ሊትር የታሸገ ውሃ እዚያው ይገኛል፤ ውሃው ብቻውን 1,000 ግራም ስለሆነ ባዶ ፕላስቲኩን ለብቻው መዝኖ መደመር ነው። ጠዋት አንድ ጊዜ፣ ሚዛኑ ከቦታው በተነሣ ቁጥር ደግሞ እንደገና ይፈተሽ።

ምዝገባና ስም

እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። በአንድ ግቢ ውስጥ በራሳቸውም በአባታቸውም ስም የሚገጥሙ ሁለት ሰዎች ማግኘት ብርቅ አይደለም፤ ስለዚህ የአያት ስም፣ የልደት ዘመንና ስልክ ሳይሞላ ቅጽ አይለፍ። ሀሌታው ሀ እና ሐመሩ ሐ፣ ንጉሡ ሠ እና እሳቱ ሰ እንደ ጸሐፊው ስለሚለዋወጡ ስሙ በመታወቂያው ላይ እንደተጻፈ ይገልበጥ።

ከዓመታት በፊት በአንድ ተቋም ግቢ ስንሠራ በስምና በአባት ስም የሚገጥሙ ሁለት ወጣቶች ተከታትለው ተኙ። ነፋስ ቅጾቹን ከጠረጴዛ ላይ አንሥቶ አደባለቃቸው፣ ያነሣው ሰውም ስሙን ብቻ አይቶ መለሳቸው። ስሕተቱ የተገኘው ማታ ቁጥር ስናመሳክር ነበር። የትኛው ከረጢት የማን እንደሆነ በእርግጠኝነት መናገር ስላልቻልን ሁለቱም ተጣሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቅጽ በማያያዣ ሰሌዳ ላይ ታስሮ ከለጋሹ ጋር ይሄዳል እንጂ ጠረጴዛ ላይ አይደረደርም።

የልገሳ ቁጥሩ ከስም ይበልጣል። አንድ ለጋሽ አንድ የቁጥር ስብስብ አለው፤ ይኸው ቁጥር በቅጹ፣ በዋናው ከረጢት፣ በተያያዙት ትንንሽ ከረጢቶችና በናሙና ብልቃጦቹ ላይ ይለጠፋል። የሚለጠፈው ለጋሹ አልጋ ላይ ከተኛ በኋላ፣ ስሙን ራሱ እንዲናገር ተደርጎ ነው። «አቶ እገሌ ነዎት?» ማለት አይበቃም፤ የደነገጠ ሰው ለማንኛውም ስም ራሱን ይነቀንቃል። ሥራ ለማፍጠን ተብሎ የአምስት ሰው ከረጢት አስቀድሞ አይለጠፍ። የተረፉ ተለጣፊዎች ወዲያው ተቀድደው ይጣሉ።

ጥያቄና ምርመራ

ዕድሜ ከ18 እስከ 65፣ ክብደት ቢያንስ 45 ኪሎ ግራም፣ ካለፈው ልገሳ ወዲህ ቢያንስ ሦስት ወር። ከ45 እስከ 50 ኪሎ ለሚመዝን 350 ሚሊ ሊትር የሚይዘው ከረጢት፣ ከ50 በላይ ለሆነ 450 የሚይዘው ነው። የልብ ምቱ በደቂቃ ከ60 እስከ 100 እና ያልተዛባ፣ የላይኛው የደም ግፊት ከ100 እስከ 140፣ የታችኛው ከ60 እስከ 90 ይሁን። ዳገት ወጥቶ የመጣ ሰው ግፊቱ ሳይለካ አሥር ደቂቃ ይቀመጥ።

ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት፣ ትኩሳት ያለበት፣ በቅርቡ የተነቀሰ ወይም ጆሮውን የተበሳ ሰው ለጊዜው ይቆያል። አዲስ አበባ በከፍታዋ ምክንያት ወባ አይተላለፍባትም፤ ነዋሪዋ ግን ለሥራ ወደ ቆላ ወርዶ ይመለሳልና «ባለፉት ወራት ከከተማ ወጥተው ነበር? የት አደሩ?» ብለው ይጠይቁ። ባለፉት ቀናት አስፕሪን የወሰደ ሰው መለገስ ይችላል፤ ከደሙ ፕሌትሌት (ደም እንዲረጋ የሚያግዘው የደም ክፍል) ስለማይዘጋጅ ግን በቅጹም በከረጢቱም ላይ በግልጽ ይጻፍ።

የኤች አይ ቪ ውጤቱን ለማወቅ ብሎ የሚመጣም አለ። ደሙ ሁሉ ለኤች አይ ቪ፣ ለጉበት ቫይረስ ቢ እና ሲ፣ ለቂጥኝም ይመረመራል፤ ነገር ግን በቅርቡ የተያዘ ሰው ደም በምርመራ የማይገኝበት ጊዜ አለ። ለዚህ ሰው ሳይገሥጹ፣ ድምፅዎን ዝቅ አድርገው፣ በአቅራቢያው ያለ ጤና ጣቢያ በነፃ እንደሚመረምረው ይንገሩት። ጓደኞቹ ከውጭ እየጠበቁት ከሆነ «ግፊቴ ዛሬ አልተስማማም» ብሎ መውጣት እንደሚችል ይግለጹለት፤ ሰው ክብሩን ሳያጣ የሚወጣበት በር ሊኖረው ይገባል። ከታላላቆች ጋር አንቱታው አይጓደል፤ «ጋሼ» ወይም «እማማ» ማለት በቦታው ያምራል፣ ቅጹ ላይ ግን ሙሉ ስም ይጻፋል።

ሂሞግሎቢን (በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ንጥረ ነገር) በሜዳ ላይ በመሣሪያ ወይም በኮፐር ሰልፌት ፈሳሽ ይለካል። መሣሪያው ቁጥር ይሰጣል፤ ሰማያዊው ፈሳሽ ባትሪ አይፈልግም። ልዩ ክብደቱ 1.053 የሆነው ፈሳሽ ለ12.5 ግራም በዴሲሊትር የተዘጋጀ ነው። ጣት ከተወጋ በኋላ የመጀመሪያው ጠብታ ይጠረግና ቀጣዩ ከፈሳሹ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ተደርጎ ይጠብጠብ፤ በ15 ሰከንድ ውስጥ ከሰጠመ ለጋሹ ያልፋል፤ ከተንሳፈፈ ወይም መሀል ላይ ከቆመ አያልፍም። አየር የገባበት ጠብታ ስለሚንሳፈፍ አንድ ጊዜ መድገም ተገቢ ነው፤ ሦስተኛ ጊዜ መሞከር ግን ለጋሹን ማባበል እንጂ ምርመራ አይደለም። 30 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ከ25 ሰው በላይ አይፈተንበት፣ ክዳኑም ሳይከደን ፀሐይ ላይ አይቀመጥ፤ ውሃው ሲተን ፈሳሹ ይከብድና ጤነኛውን ሰው ሳይቀር ይመልስብዎታል። የሂሞግሎቢን ማነስ ያለበትን ሰው «አይሆንም» ብሎ ብቻ አያሰናብቱ፤ ምርመራ እንዲያደርግ በጽሑፍ ይላኩት።

ክንድ፣ መርፌና ከረጢት

ለጋሹ ከመተኛቱ በፊት ግማሽ ሊትር ያህል ውሃ ይጠጣ። ከረጢቱን ብርሃን ላይ አንሥተው ይመልከቱ፦ የአገልግሎት ጊዜው ያላለፈ፣ ፈሳሹ የጠራ፣ የማያፈስ ሊሆን ይገባል። የግፊት መለኪያውን ጨርቅ ከ40 እስከ 60 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነፍተው በክንድ መታጠፊያ ላይ ጠንካራውን ደም መልስ በጣት ይፈልጉ፤ በዓይን የሚታየው ሁልጊዜ የሚሻለው አይደለም።

ከዚያ ጨርቁን አላልተው ቆዳውን 2 በመቶ ክሎርሄክሲዲንና 70 በመቶ አልኮል ባለው ማጽጃ ለ30 ሰከንድ ይሹት፣ ለሌላ 30 ሰከንድም እንዲደርቅ ይተዉት። በድንኳን ሥር ይህ ደቂቃ ከሁሉ ይልቅ የሚሰረቀው ነው። በእፍ ማድረቅ፣ በጥጥ መጥረግ ወይም የጸዳውን ቦታ እንደገና በጣት መንካት የቆዳ ባክቴሪያን ወደ ከረጢቱ ማስገባት ነው፤ በተለይ በ20 ዲግሪና ከዚያ በላይ በሚቀመጠው ፕሌትሌት ውስጥ ባክቴሪያው ይራባል። አቧራ የሚነሣ ከሆነ የድንኳኑ የነፋስ አቅጣጫ መጋረጃ ይውረድ።

መርፌው ከገባ በኋላ የመጀመሪያው ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሊትር ወደ ትንሿ የናሙና ከረጢት ይሂድ፣ ብልቃጦቹም ከዚያ ይሞሉ። የተወጋበትን ሰዓት ወዲያው ይጻፉ። ከረጢቱ ራሱ የሚያወዛውዝ ሚዛን ላይ ካልሆነ በየ30 ወይም 45 ሰከንዱ በእጅ በቀስታ ይገላበጥ፤ ወሬ ይዞት የተረሳ ከረጢት ሥሩ ላይ ይረጋል። ለጋሹ ጡጫውን በየአሥር ሰከንዱ ይጨብጥና ይፍታ።

መጠኑን በሚዛን ለማወቅ ባዶውን ከረጢት ከነፈሳሹ መዝነው ዜሮ ያድርጉ። የአንድ ሚሊ ሊትር ደም ክብደት 1.06 ግራም ያህል ስለሆነ 450 ሚሊ ሊትር 477 ግራም ይሆናል፤ የሚፈቀደው የአሥር በመቶ ልዩነት ከ429 እስከ 525 ግራም ማለት ነው። በ450ው ከረጢት ውስጥ ያለው 63 ሚሊ ሊትር ፀረ መርጊያ ለዚያ መጠን የተሰላ ነው፤ ደሙ ሲያንስ ፈሳሹ ይበዛበታል፣ ሲበዛም ይረጋል። ደም መውሰዱ ከአሥር ደቂቃ በታች ማለቁ ይመረጣል። ከ12 ደቂቃ በላይ የወሰደ ከረጢት ለፕሌትሌት አይሆንም፤ ከ15 በላይ የቆየ ከሆነ ፕላዝማውም (የደሙ ፈሳሽ ክፍል) ለመርጋት ችግር ሕክምና አይታሰብም። የተጀመረበትና ያበቃበት ሁለቱም ሰዓቶች ካልተጻፉ ማዕከሉ ይህን ሊያውቅ የሚችልበት መንገድ የለም።

የደም ሥሩ ካመለጠ ያንኑ መርፌ ውስጥ ለውስጥ መቆፈር ነውር ነው። ሁለተኛ ሙከራ የሚደረገው ለጋሹ ከፈቀደ፣ በሌላው ክንድ፣ በአዲስ ከረጢት ነው። ደሙ ደማቅ ቀይ ሆኖ እየተመታ የሚፈስና ከረጢቱ ከአራት ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ሊሞላ የቀረበ ከሆነ ደም ቅዳው ተወግቷል፤ መርፌውን አውጥተው ቢያንስ አሥር ደቂቃ አጥብቀው ይጫኑ፣ ከዚያም ሐኪም ይየው። ወደ ጣት የሚወርድ የኤሌክትሪክ ዓይነት ሕመም ከተሰማው ነርቭ ተነክቷልና ሳይከራከሩ ይንቀሉ።

ሲያበቃ ጨርቁ ይላላ፣ መርፌው ወጥቶ ክዳን ሳይደረግለት ወደ ሴፍቲ ቦክስ (የመርፌ መጣያ ሣጥን) ይግባ። ለጋሹ ክንዱን አጥፎ ሳይሆን ዘርግቶና ከፍ አድርጎ ጥጡን ይጫን፤ ማጠፍ ደም ያቋጥራል። በቱቦው ውስጥ የቀረው ደም ወደ ከረጢቱ ተገፍቶ ይቀላቀል፣ ከዚያ ቱቦው በማሸጊያ ወይም በብረት ክሊፕ ይታሸግ።

ለጋሹን ሲያጥወለውለው

ምልክቱ አስቀድሞ ይታያል፦ ያዛጋል፣ ፊቱ ይነጣል፣ ግንባሩ ላይ ላብ ይወጣል፣ ወሬውን ያቋርጣል። መርፌውን ያውጡ፣ እግሩን ከራሱ ከፍ ያድርጉ፣ ቀበቶና አንገትጌ ያላሉ፣ ነፋስ እንዲያገኝ ያድርጉ፣ ግፊቱንና ምቱን በየጥቂት ደቂቃው ይለኩ። ፊት ላይ ውሃ መርጨት የተለመደ ቢሆንም አያስፈልግም፤ ክብሪት አጭሶ ማሽተትም እንዲሁ። ከሁሉ በፊት የተሰበሰበውን ሰው ያርቁ። አንድ ሰው በሰልፉ ፊት ከወደቀ ሁለትና ሦስቱ ይከተሉታል፤ ፍርሃት ይጋባል። ለዚህ ነው ከማረፊያው ጥግ አንድ ትርፍ አልጋና መጋረጃ እንዲኖር የምመክረው።

ደኅና የሆነውም ለጋሽ ቢሆን ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ሳያርፍ፣ ብስኩትና ለስላሳ ሳይወስድ አይሂድ። ፕላስተሩን ለጥቂት ሰዓታት እንዳይነቅል፣ በዚያው ቀን ከባድ ዕቃ እንዳያነሣ፣ ብዙ እንዲጠጣ ይንገሩት። ሾፌር ከሆነ የማረፊያውን ጊዜ ይጨምሩለት።

ሰዓትና ቀን

ይህ ክፍል በሌላ አገር መመሪያ ውስጥ አይገኝም፤ እኛን ግን ደጋግሞ ጥሎናል። ሁለት ሰዓት አቆጣጠርና ሁለት ዘመን አቆጣጠር ይዘን እንሠራለን። አንዱ ባለሙያ «3፡20» ሲጽፍ ሌላው በስልኩ አይቶ «9፡20» ይጽፋል፤ ልዩነቱ ስድስት ሰዓት ነው። ፕሌትሌት ለማዘጋጀት ሙሉው ደም ከ20 እስከ 24 ዲግሪ ላይ ተይዞ ከተወሰደ በስድስት፣ ቢበዛ በስምንት ሰዓት ውስጥ መከፋፈል ስላለበት የሰዓቱ አጻጻፍ ብቻውን ትኩሱን ደም ያረጀ፣ ያረጀውንም ትኩስ ሊያስመስለው ይችላል።

ቀኑም እንዲሁ ነው። ነሐሴ 20 የተወሰደን ደም «ወር ሠላሳ ቀን ነው» ብሎ የሚቆጥር ሰው 35ኛውን ቀን መስከረም 25 ያደርገዋል። ጳጉሜን ረስቷል፤ ትክክለኛው መስከረም 20 ነው፣ ጳጉሜ ስድስት በሆነበት ዓመት ደግሞ መስከረም 19። የከረጢቱ አምራች የጻፈው ቀን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ስለሆነ በከረጢቱና በናሙናው ላይ የሚጻፈው ሁሉ በዚያው አቆጣጠር፣ ሰዓቱም በ24 ሰዓት አጻጻፍ ይሁን። ለጋሹ የሚይዘው ካርድ ግን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይጻፍለት፤ ሦስት ወሩን የሚቆጥረው በእርሱ ነው። ድንኳኑ ውስጥ አንድ የግድግዳ ሰዓት በ24 ሰዓት አቆጣጠር ተሞልቶ ይሰቀል፣ ሁሉም ከእርሱ ብቻ ይገልብጥ።

ማጓጓዝና መነሣት

ሁለት ዓይነት ሣጥን ይያዝ፣ በቀለምም ይለይ። ለፕሌትሌት የታሰበው ደም ከ20 እስከ 24 ዲግሪ በሚጠብቅ ሣጥን፣ ያለ በረዶ ይቀመጣል፤ ሌላው ከ2 እስከ 10 ዲግሪ ባለው ቀዝቃዛ ሣጥን ይሄዳል። የበረዶ ጥቅል ከከረጢት ጋር በቀጥታ አይነካካ፣ መሀላቸው ካርቶን ይግባ፤ በረዶ የሆነ ቀይ የደም ሕዋስ ይፈነዳል። የፕሌትሌቱ ሣጥን ሥራው እስኪያልቅ አይጠበቅ፤ እኩለ ቀን ላይ አንድ ጊዜ ይላክ። እስከ ማዕከሉ ያለው መንገድ አጭር ነው ብሎ መዘናጋት አይገባም፤ መንገድ ሲዘጋ ወይም ሲጨናነቅ ሰዓቱ ይሄዳል። ፕሌትሌት ከተዘጋጀ በኋላም ዕድሜው አምስት ቀን ብቻ ነው፤ ጥቁር አንበሳን በመሳሰሉ ሆስፒታሎች የካንሰር ሕክምና ላይ ያሉ ሕፃናት ሁልጊዜ ይፈልጉታል።

የፈሰሰ ደም ካለ በጨርቅ ይሸፈንና 0.5 በመቶ ክሎሪን ለአሥር ደቂቃ ይፍሰስበት። 5 በመቶ የሆነው በረኪና አንድ እጅ፣ ውሃ ዘጠኝ እጅ ነው፤ በየዕለቱ አዲስ ይበጥበጥ። ሴፍቲ ቦክስ ሦስት አራተኛው ሲሞላ ይዘጋ እንጂ ተጨቁኖ አይሞላ፣ ግቢው ውስጥ ላለ የቆሻሻ ገንዳም አይሰጥ፤ ከቡድኑ ጋር ይመለሳል።

ድንኳኑ ከመፍረሱ በፊት የቡድን መሪው ቅጾችን፣ ከረጢቶችንና የናሙና ብልቃጦችን ቆጥሮ ቁጥራቸውን አንድ በአንድ ያመሳክር። የተሰናከሉትም፣ ያልሞሉትም፣ የተጣሉትም በቆጠራው ይግቡ። ካልገጠመ መኪናው አይነሣም። በማዕከሉ ተቀባዩ የደረሰበትን ሰዓትና የሣጥኑን ሙቀት መዝግቦ ይፈርም፤ ያልተፈረመበት ርክክብ እንዳልተደረገ ይቆጠራል።

በለጋሹ ካርድ ላይ የተጻፈው ስልክ ደግሞ በዚያ ሌሊት የሚያነሣው ሰው ይኑር። ማታ ትኩሳት የያዘው፣ ወይም ጠረጴዛው ላይ ያፈረበትን መልስ ቤቱ ገብቶ ሊያስተካክል የፈለገ ለጋሽ ይደውላል። ስልኩን የሚይዘው ሰው የልገሳ ቁጥሩን ጠይቆ ከረጢቱ ወዲያው እንዲታገድ ለማዕከሉ ያስታውቅ፤ ምክንያቱን ግን ለማንም መንገር አይጠበቅበትም።